ጠፋ ሲሉት ያልጠፋው

አይቢኤም ራማክ የተባለውን ማሽን ለገበያ ያቀረበው በሴፕቴምበር 1956 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማሽኑ ሆድ ውስጥ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች ይሽከረከራሉ፤ ሁሉም ተደምረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደላት ነው። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ጥሩ ፎቶ ያን ሁሉ ይሞላዋል። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ፣ የወር ኪራዩ 3,200 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማንም በቦርሳ ይዞ አይወጣም፤ ቦታውም ውድ ስለነበር አንዱ መዝገብ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይጻፍበታል። የዚያን ጊዜ ጭንቀት መረጃውን እንዴት እናቆየው እንጂ እንዴት እናጥፋው አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ነው። በ1981 ከአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ጋር የመጣው ዶስ የተባለ ሲስተም፣ ፋይል ሰርዝ ሲባል የሚሠራው ሥራ በጣም ጥቂት ነበር። የፋይሉን ስም የመጀመሪያ ፊደል በአንድ ልዩ ምልክት ይለውጣል፤ ፋይሉ የያዘውንም ቦታ ነጻ ነው ብሎ ይመዘግባል። ጽሑፉን ራሱን አይነካውም። ስሙ ከቀበሌ መዝገብ ተሰርዞ ቤቱ ውስጥ በሰላም እንደሚኖር ሰው፣ ፋይሉም ሌላ መጥቶ ቦታውን እስኪወስድበት ድረስ እዚያው ይቀመጣል። በዚህ ውስጥ ተንኮል የለም። በዘመኑ ቀርፋፋ ዲስክ ላይ እያንዳንዱን ፋይል በዜሮ ለመሸፈን መሞከር ተጠቃሚውን በከንቱ ማስጠበቅ ነበር።

ፒተር ኖርተን የተባለ ፕሮግራመር ይህን ተጠቅሞ በ1982 የተሰረዘ ፋይል መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም ሸጠ፤ ስሙም በዓለም ታወቀ። በስህተት ያጠፋው ደብዳቤ ሲመለስለት ማን ይከፋዋል? ለባለቤቱ የሚመለሰው ለማያውቀው ሰውም እንደሚመለስ ግን በአደባባይ የታየው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኋይት ሐውስ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ ፀጥታ ምክር ቤት ሠራተኞች በ1980ዎቹ ፕሮፍስ በሚባል የአይቢኤም የቢሮ ሲስተም ኢሜይል ይጻጻፉ ነበር። በኖቬምበር 1986 ለኢራን በድብቅ መሣሪያ መሸጡ፣ ከሽያጩም የተገኘው ገንዘብ ለኒካራጓ አማፅያን መተላለፉ ይፋ መውጣት ጀመረ። የምክር ቤቱ ባልደረባ ሌተና ኮሎኔል ኦሊቨር ኖርዝ ሰነዶቹን ወደ ወረቀት መክተፊያ ማሽን ይከት ገባ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እርሱ ከ700 በላይ፣ አለቃው አድሚራል ጆን ፖይንዴክስተር ደግሞ ከ5,000 በላይ መልእክቶችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰረዙ።

የተከተፈው ወረቀት በእርግጥ ጠፋ። ኢሜይሉ ግን አልጠፋም፤ የኋይት ሐውስ ኮሙኒኬሽን ክፍል የሲስተሙን ይዘት በየጊዜው ወደ መጠባበቂያ ቴፕ ይገለብጥ ነበርና መልእክቶቹ ከነቀናቸው እዚያ ተገኙ። በፌብሩዋሪ 1987 የወጣው የታወር ኮሚሽን ሪፖርት ከእነርሱ በሰፊው ጠቀሰ። ኖርዝ በዚያው ዓመት በጁላይ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሲመሰክር፣ ሁላችንም መሰረዣውን ስንጫን ለዘላለም የጠፋ መስሎን ነበር፣ ምን ያህል ተሳስተን ኖሯል የሚል ቃል ሰጠ። በፕሬዚዳንት ሬገን የሥልጣን ዘመን ማብቂያ፣ በጃንዋሪ 1989፣ ናሽናል ሴኪዩሪቲ አርካይቭ የተባለው ተቋም እነዚያ ቴፖች እንዳይደመሰሱ ፍርድ ቤት ሄዶ አሳገደ። ክርክሩ ዓመታት ወስዶ በ1993 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ኤሌክትሮኒክ መልእክትም እንደ ወረቀቱ የመንግሥት መዝገብ ነው አለ። ሁለት ባለሥልጣናት ለማጥፋት ባደረጉት ጥረት የኢሜይል መዝገብ ሕግ ተወለደ ማለት ይቻላል።

መከላከያው ግን የራሱን ሥርዓት እያዘጋጀ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 1995 ሚስጥር ይዘው ለሚሠሩ ተቋራጮች መመሪያ አወጣ፤ ቁጥሩ 5220.22-ኤም ነው። ከብዙ ገጾቹ ውስጥ ስለ ዲስክ የሚናገረው አንድ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ የሚለውም ይህ ነው፦ መላውን ዲስክ በአንድ ምልክት ሙላ፣ ቀጥሎ በተቃራኒው ሙላ፣ ሦስተኛ በዘፈቀደ በተመረጠ ምልክት ሙላ፣ ከዚያ አረጋግጥ። የዲስክ ማጽጃ ሶፍትዌር ሻጮች ይህችን ሦስት ዙር ወሰዷትና የመመሪያውን ቁጥር እንደ ማኅተም ምርታቸው ላይ ለጠፉት። መመሪያው በ2006 ታድሶ ሲወጣ ሦስቱ ዙሮች የሉበትም። ማኅተሙ ግን ከብዙ ምርቶች ላይ እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ከሦስቱ ዙር የባሰ ዝና ያገኘው 35ቱ ነው። በጁላይ 1996 በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ በተካሄደ የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ፣ በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነው ፒተር ጉትማን አንድ ጥናት አቀረበ። ሐሳቡ ይማርካል። ዲስክ ላይ 1 ወይም 0 የሚጻፈው በማግኔት ስለሆነ አዲሱ ጽሑፍ የቀደመውን ሙሉ በሙሉ አይውጠውም፤ በ0 ላይ የተጻፈ 1 እና በ1 ላይ የተጻፈ 1 ልካቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው 0.95፣ ሁለተኛው 1.05 ያህል ቢሆን፣ ዲስኩ ሁለቱንም 1 ብሎ ያነባል። በጣም ረቂቅ በሆነ የማግኔት ማይክሮስኮፕ የሚያይ ግን ልዩነቱን ለይቶ ከሥር የነበረውን ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ጉትማን በየዲስኩ የአጻጻፍ ስልት ልክ የተሰፉ 27 ዓይነት ሥርዓቶች አዘጋጀ፤ ከፊታቸው 4፣ ከኋላቸው 4 የዘፈቀደ ዙሮች ጨመረ። ድምሩ 35 መጣ።

ሃያ ሰባቱ የተዘጋጁት ለአንድ ዲስክ አልነበረም። በየዘመኑ የነበሩትን የተለያዩ ስልቶች ሁሉ ለመሸፈን ነው፤ አንዱን ዲስክ የሚመለከቱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ይህን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነበር። ሠላሳ አምስቱም ዙር እንደ ጸሎት ቁጥር ተቆጥሮ ይደገም ጀመር፤ አፕል ሳይቀር ማክ ኮምፒውተር ውስጥ ባለ 35 ዙር ምርጫ አስገባ። ጉትማን ራሱ በጥናቱ መጨረሻ ላይ በጨመረው ማሳሰቢያ፣ ሰዎች ነገሩን እንደ አስማት ድግምት መያዛቸውን ታዝቦ፣ ለዘመኑ ዲስክ ጥቂት የዘፈቀደ ዙሮች እንደሚበቁ ጽፏል። የሰማው ግን የለም ማለት ይቀላል። በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ አንድ ቴራባይት ዲስክ አንድ ዙር ለመሸፈን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ 35 ዙር ከሁለት ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል።

ወታደሮችም ቢሆኑ ሁልጊዜ መመሪያው ያለውን ጊዜ አያገኙም። ኤፕሪል 1 ቀን 2001 አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የስለላ አውሮፕላን ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጭቶ፣ 24 ሰዎች እንደያዘ በቻይናዋ ሃይናን ደሴት በግድ አረፈ። ሠራተኞቹ መሣሪያዎቹን ለማጥፋት የነበራቸው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ በመጥረቢያ ሰባበሩ፤ ዲስኮቹ ላይ ትኩስ ቡና ደፉባቸው። ቡናው ባከነ እንጂ ብዙ የፈየደው ነገር አልነበረም፤ ቻይናውያን ያገኙት ሚስጥር ምን ያህል እንደሆነ ለማጣራት ሰፊ ምርመራ ተካሂዷል።

በዚህ መሐል አንድ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ማይክሮስኮፕም መጥረቢያም የማያስፈልገው ሥራ ይሠራ ነበር። ሲምሰን ጋርፊንክል በ1998 ከአንድ ሱቅ አሥር ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ገዛ። ከፍቶ ሲያያቸው አንዱ የአንድ የጥብቅና ቢሮ ሰርቨር ሆኖ የደንበኞቹ ሰነድ እንዳለ ተቀምጧል፤ በሌላው ውስጥ የአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ፋይሎች አሉ። ስለዚህ ነገሩን በጥናት መልክ ያዘው። ከባልደረባው አቢ ሼላት ጋር ከኖቬምበር 2000 እስከ ኦገስት 2002 ባለው ጊዜ 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮችን፣ አብዛኛውን በኢንተርኔት ጨረታ፣ ሰበሰቡ። የሚሠሩት 129 ነበሩ። ከእነዚህ በትክክል ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው።

ጥናቱ በ2003 መጀመሪያ ታተመ። ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መዝገቦች፣ የፍቅር ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። አንዱ ዲስክ ከኢሊኖይ ግዛት የገንዘብ መክፈያ ማሽን (ኤቲኤም) የወጣ ሲሆን የአንድ ዓመት የሒሳብ እንቅስቃሴ ይዟል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ 1,000 ዶላር አይሞላም። ብዙዎቹ ሻጮች ግዴለሾች አልነበሩም፤ ዲስኩን ፎርማት አድርገዋል። ማሽኑም ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ በተግባር ግን በዘመኑ የነበረው የዊንዶውስ ፎርማት አዲስ ማውጫ ይጽፋል እንጂ አብዛኛውን የዲስክ ክፍል አይነካውም ነበር።

በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ወሳኙ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዎች ለሰባት ዓመት ያህል፣ ውድ ማይክሮስኮፕ የታጠቀ የስለላ ድርጅት ከሦስተኛው ዙር ሥር ምን ያነባል እያሉ ሲከራከሩ፣ ዲስኮቹ አንድም ዙር ሳይጻፍባቸው በበር ይወጡ ነበር። ጋርፊንክል የተጠቀመው ማንም ያለውን ኮምፒውተርና ኬብል ነው።

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማግኔት ቀረጻ ምርምር ማዕከል ባልደረባ ጎርደን ሂዩዝ፣ ዲስኩ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ የሚያዝ አንድ ትእዛዝ በፋብሪካ እንዲገባ ከገፉት ሰዎች አንዱ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ የተሠሩ አብዛኞቹ ዲስኮች ይህ ትእዛዝ አላቸው። የተበላሹ ተብለው ከአገልግሎት የወጡትንና ከውጭ ሶፍትዌር የማይደርስባቸውን ክፍሎች ሳይቀር ይሸፍናል። በሴፕቴምበር 2006 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም (ኒስት) 800-88 የተባለውን መመሪያ ሲያወጣ፣ ከ2001 በኋላ ለተሠሩና ከ15 ጊጋባይት በላይ ለሚይዙ ዲስኮች አንድ ዙር መጻፍ በቂ ነው አለ። አንድ ዙር! የሠላሳ አምስቱ ታሪክ በዚህ ማብቃት ነበረበት።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ዙር የሚቆጠርበት አልነበረም፤ ዲስኩን ማን ወሰደው የሚል ነው። በ2009 ከካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የት እንደሚገባ ሲከታተሉ ጋና ደረሱ፤ ከገበያም ሃርድ ዲስኮች ገዙ። በ40 ዶላር የተገዛው አንዱ የኖርዝሮፕ ግሩማን ሆኖ ተገኘ፤ ኩባንያው ከአሜሪካ መከላከያና ከሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር የተዋዋላቸውን ሰነዶች ይዟል። ኩባንያው ዲስኩን እንዲያስወግድለት ለሌላ ድርጅት አስረክቦ እንደነበርና ከዚያ ተሰርቆ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ።

በኤፕሪል 2010 ደግሞ ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኒው ጀርዚ ውስጥ ካለ መጋዘን አራት ያገለገሉ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ገዛ። ከ2002 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ የቢሮ ኮፒ ማሽኖች ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ የሚባዛውን ሁሉ ምስል ያስቀምጣሉ። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ወይም የንብረት ኃላፊ ምን ያህል ይሆናል? ከማሽኖቹ የባፋሎ ከተማ ፖሊስ የወሲብ ወንጀል ምርመራ ሰነዶችና አፊኒቲ የተባለ የኒው ዮርክ የጤና መድን ድርጅት የሕመምተኞች መዝገብ ወጣ። የመድን ድርጅቱ እስከ 344,579 ሰዎች ሊነኩ እንደሚችሉ ገልጾ፣ በ2013 ለአሜሪካ መንግሥት 1,215,780 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ።

የማግኔቱ ዲስክ እንዲህ በስንት መከራ ሲገራ፣ ከሥሩ ቴክኖሎጂው ተለወጠ። ፍላሽ ሚሞሪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቶሺባ ቤት ፉጂዮ ማሱኦካ የፈጠረው ነው፤ ስሙ የወጣለት ሲጠፋ እንደ ካሜራ ብልጭታ በአንዴ ስለሚጠፋ ነው። ውስጡ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፍላሽ ላይ በተጻፈው ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም፤ አስቀድሞ አንድ ሙሉ ክፍል ማጥፋት ይጠይቃል፤ ክፍሉም ስንት ጊዜ ጠፍቶ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍበት የተወሰነ ነው። ስለዚህ በፍላሽ የሚሠራው ዲስክ፣ ማለትም የኤስኤስዲው፣ ተቆጣጣሪ አዲሱን ጽሑፍ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል፤ አሮጌውን ያረጀ ብሎ ምልክት አድርጎ ይተወዋል። ሰውየው ፋይሉ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፍኩበት ሲል፣ ተቆጣጣሪው ሦስት አዳዲስ ቦታዎች ሰጥቶት፣ አሮጌው እንዳለ ሊሆን ይችላል።

በ2011 ማይክል ዌይና ባልደረቦቹ፣ እነርሱም ከዚያው ከሳን ዲዬጎ፣ ይህን በእጃቸው አረጋገጡ። ኤስኤስዲዎቹን ፈትተው ቺፖቹን በቀጥታ አነበቡ። የአንድ ፋይል እስከ 16 አሮጌ ቅጂዎች የተገኙበት ጊዜ ነበር። አንድን ፋይል ለይተው እናጠፋለን የሚሉ ዘዴዎች በሙሉ ወደቁ። ከሞከሯቸው 12 ኤስኤስዲዎች 8ቱ ራሴን አጠፋለሁ የሚለውን ትእዛዝ እንቀበላለን ያሉ ቢሆንም፣ በትክክል መፈጸማቸው የተረጋገጠው 4 ብቻ ናቸው። አንዱማ ትእዛዙን ተቀብሎ፣ ጨርሻለሁ ብሎ፣ ከውስጡ ምንም አላጠፋም። ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያም ተሞከረ፤ ፍላሽ በማግኔት ስለማይሠራ አልነካውም። አፕል በ2015 የቆሻሻ መጣያውን በአስተማማኝ ሁኔታ አጽዳ የሚለውን ምርጫ ከማክ ላይ አነሳው፤ በፍላሽ ላይ ቃሉን መጠበቅ አይችልምና።

የብሪታንያ የስለላ ድርጅት ጂሲኤችኪው ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ጁላይ 20 ቀን 2013፣ ሁለት ባለሙያዎቹ ለንደን ውስጥ በዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ምድር ቤት ቆመው፣ ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው የስለላ ሚስጥር ሰነዶች የነበሩባቸውን ኮምፒውተሮች የጋዜጣው ሠራተኞች በግራይንደርና በመሰርሰሪያ ሲያወድሙ ተቆጣጠሩ። ዲስኩን ብቻ አልነበረም፤ የኪቦርዱንና የመዳሰሻ ሰሌዳውን መቆጣጠሪያ ቺፖች ሳይቀር እንዲፈጩ አደረጉ። አዘጋጁ አለን ረስብሪጀር የሰነዶቹ ቅጂ ከብሪታንያ ውጭ እንዳለ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። እነርሱም ሰምተው ፍጩ አሉ።

ለተራው ሰው የደረሰው መፍትሔ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ መረጃውን ከመጀመሪያው በቁልፍ መስጥሮ መጻፍ፣ ለማጥፋት ሲፈለግ ቁልፏን ብቻ መደምሰስ። አይፎን ከ2009ኙ 3ጂኤስ ጀምሮ የሚጠቀመው ይህንን ነው። የአንድሮይድ ስልኮች ዘገዩ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሎረን ሳይመንና ሮስ አንደርሰን ከአምስት አምራቾች የተሠሩ 21 ያገለገሉ ስልኮችን መርምረው በ2015 ባወጡት ውጤት፣ ወደ ፋብሪካ ይዞታ ከተመለሱት ስልኮች በ80 በመቶው የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንት መግቢያ ቁልፍ ሊወጣ ችሏል፤ እስከ 500 ሚሊዮን ስልኮች መረጃን በትክክል አያጠፉም ብለውም ገመቱ። መርካቶም ሆነ ዱባይ አሮጌ ስልክ ሸጦ የሚያውቅ አንባቢ የራሱን ያስላ። በቁልፍ መመስጠሩም ቢሆን ያለ እንከን አልሄደም፦ በ2018 የኔዘርላንዱ ራድቡድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሳቸውን እንመሰጥራለን ከሚሉ ኤስኤስዲዎች አንዳንዶቹ የይለፍ ቃሉን ከቁልፉ ጋር ጭራሽ እንዳላገናኙት አሳዩ።

የመጨረሻው ትልቅ ታሪክ ስለ ማጓጓዣ መኪና ነው። የዎል ስትሪቱ ባንክ ሞርጋን ስታንሊ በ2016 ሁለት የዳታ ማዕከሎቹን ሲዘጋ፣ ሃርድ ዲስኮቹንና ሰርቨሮቹን እንዲያስወግድለት የቀጠረው ዕቃ የሚያጓጉዝና የሚያከማች ድርጅት ነበር። መረጃ የማጥፋት ልምድ አልነበረውም። መሣሪያዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ወጡ። በ2017 ኦክላሆማ ያለ አንድ የአይቲ ባለሙያ ከገዛቸው ዲስኮች ውስጥ የባንኩን መረጃ ስላገኘ፣ መረጃችሁ እኔ ዘንድ ነው ብሎ ለባንኩ ጻፈ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በሴፕቴምበር 2022 ባንኩን 35 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ፤ የ15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞችን መረጃ ባለመጠበቁ። በውሳኔው ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከቅርንጫፎች ተነስተው የደረሱበት ያልታወቀ 42 ሰርቨሮች ነበሩ፤ መረጃ የመመስጠር ችሎታ ያላቸው መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ባንኩ ችሎታውን ለዓመታት ሳያበራው ቆይቷል።

በእኛ አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው በራሳችን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ግን የሚወጣው እንደ ወንበሩና እንደ ጎማው በንብረት ማስወገድ ጨረታ ነው፤ የንብረት ቁጥሩም የሚለጠፈው በሳጥኑ ላይ እንጂ በዲስኩ ላይ አይደለም። ከጨረታው በፊት ያለው ሥራ ከባድ አይደለም። ለሚሽከረከር ዲስክ አንድ ሙሉ ዙር፣ ለኤስኤስዲ የራሱ የማጥፊያ ትእዛዝና ከመጀመሪያው የበራ ምስጠራ ይበቃል። የሚያስቸግረው የማይነሳው ዲስክ ነው። ትእዛዝ አይቀበልም፣ ዙር አይጻፍበትም፤ ሠራተኛውም ሞቷል ብሎ ከነሳጥኑ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ሰርኪዩቱ ብቻ ነው፤ ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ሰርኪዩት አምጥቶ፣ ማስተካከያ ቺፑን አዛውሮ የሚያስነሳው ጠጋኝ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ዲስክ ከሳጥኑ ወጥቶ መፈጨት አለበት።